ክብደቱ የት ሄደ?

ኑ፣ ወዲህ ቀረብ በሉ ልጆቼ። በሩ ላይ የቆምሽውም ግቢ፤ ንፋሱ ይመታሻል። መደቡ ለሁላችንም ይበቃል፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ዛሬ የምነግራችሁ የአንድ የመንግሥት ሠራተኛ ነገር ነው። ጥይት አልተተኮሰበትም፣ ደምም አልፈሰሰበትም። ጭካኔ ግን ሁልጊዜ ጎራዴ መዝዞ አይመጣም። አንዳንዴ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ እጁን አውጥቶ «አስተያየት አለኝ» እያለ ይመጣል። እስቲ ረጋ ብላችሁ ስሙኝ።

ዘመኑ ኢሕአዴግ አገር ይመራ የነበረበት ነው፤ ሁለት ሺህ ሰባት ዓመተ ምሕረት። ወራቱ ሩዝ የሚታጨድበት፣ የፎገራ ሜዳ ውኃውን ጠጥቶ ወርቅ የሚመስልበት። ወረታ ላይ የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ ከሚለያዩበት ቦታ ጀምሮ የጭነት መኪናው ተሰልፎ ሩዝ ይጭናል፣ ባጃጁ በመካከል ይሽሎከለካል፣ የሩዝ መፈልፈያው አቧራ ደግሞ የሰውን ቅንድብ ሳይቀር ያነጣዋል። ከዚያው ከመንገዱ ገባ ብሎ አንድ መሥሪያ ቤት ነበር። ስሙን ተዉት፤ ስሙ ምን ያደርግላችኋል። አማረ የሚባለው ልጅ እዚያ መረጃ ያዥ ነበር።

አማረ ያገሩ ልጅ አልነበረም። ከደብረ ብርሃን ተመድቦ የመጣ ነው። ዝምተኛ፣ ሸሚዙን በራሱ እጅ አጥቦ የሚተኩስ፣ ሰው ሲያናግረው አንገቱን ደፋ አድርጎ የሚያዳምጥ። ሚስቱ ነፃነት እዚያው ደብረ ብርሃን አስተማሪ ናት። ሔለን የምትባል ልጅ አለቻቸው፤ የተወለደችው እሱ ወረታ ከመጣ በኋላ ነው። እንግዲህ ይቺ ሔለን አባቷን የምታውቀው በስልክ ነው። «የስልኩ ሰውዬ» ነበር የምትለው። ለፋሲካ ፈቃድ ተሰጥቶት ቢሄድ፣ ሕፃኗ እናቷ ቀሚስ ውስጥ ተደብቃ አልወጣም አለች። ከረሜላ ቢያሳያት፣ ቢዘፍንላት፣ ወይ ፍንክች። ጨነቀው። በመጨረሻ ወደ ጓሮ ወጥቶ ቆመና ደወለላት። ያን ጊዜ ልጅቱ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ እየሳቀች ወሬዋን ትቀዳለት ጀመር። ግድግዳ ብቻ ነው በመካከላቸው። እሱ ከአጥሩ ተደግፎ፣ ሳቋን ባንድ ጆሮው በስልክ፣ ባንድ ጆሮው በመስኮት ይሰማል።

ከዚያ ወዲህ አማረ በዚህ ምድር ላይ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ወደ ደብረ ብርሃን መዛወር። ልጁ ጭራሽ ሳትረሳው።

ዝውውር የጠየቀው ግን እሱ ብቻ አልነበረም። አብሮት አንድ ክፍል ተከራይቶ የሚኖረው የኔነህም ጠይቋል። የኔነህ የደብረ ማርቆስ ልጅ ነው፤ የመሥሪያ ቤቱ ግዥ ሠራተኛ። ሳቂታ፣ ጨዋታ አዋቂ። ሁለቱ ባንድ ድስት ይበላሉ፣ ካልሲ ሳይቀር ይዋዋሳሉ። ኃላፊው አቶ ተገኘ ሁለቱን አስጠርተው «ባንዴ ሁለታችሁን ለቅቄ ቢሮውን ለማን ላስረክብ? አንዳችሁ ትሄዳላችሁ። በግማሽ ዓመቱ ግምገማ የተሻለ ውጤት ያመጣ ይሂድ» አሏቸው። ሲወጡ የኔነህ አማረን በክርኑ ጎሸም አድርጎ «አንተ ከሄድክ አልጋህን እወርሳለሁ፤ ፍራሽህ ከኔ ይሻላል» አለው። ተሳሳቁ።

አሁን ወደ ላፕቶፑ ልመልሳችሁ።

መሥሪያ ቤቱ አንድ ላፕቶፕ ነበረችው። ጤነኛ ናት፤ ግን አዝጋሚ። ስትከፈት ሰው ሻይ ጠጥቶ፣ ሒሳብ ከፍሎ፣ ሰላምታ ተለዋውጦ ቢመለስ እንኳ አልደረሰችም። አቶ ተገኘ ይቺን ይዘው ደብረ ታቦር ዞን ስብሰባ ሄዱ። ሪፖርት ሊያቀርቡ ቆሙ። ግድግዳው ላይ ያቺ ክብ ነገር ትዞራለች፣ ትዞራለች። አዳራሹ ሙሉ ሰው ያያል። አንዱ የሌላ ወረዳ ሰው ከኋላ «የፎገራ ሪፖርት ገና አልተወቃም!» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

አቶ ተገኘ በዚያ ሳቅ ተቃጥለው መጡ። ገና ከመኪና ሳይወርዱ «አማረን ጥሩልኝ!»

«ማሽኗ ጤነኛ ናት» አላቸው አማረ። «ያረጀው ውስጧ ያለው ሃርድ ዲስኩ ነው። እሱ እንደ ወፍጮ ድንጋይ እየዞረ ነው የሚሠራው። አሁን የማይዞር ዓይነት መጥቷል፤ ኤስ ኤስ ዲ ይሉታል። እሱ ቢገባላት ትበራለች።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ነገውኑ ከየኔነህ ጋር ባሕር ዳር ሂዱና ገዝታችሁ ኑ። ሳምንት ደግሞ ዞን እቀርባለሁ።»

«የሚስማማትን ማወቅ አለብኝ፣ አቶ ተገኘ። ብዙ ዓይነት ነው። እንደ ማስቲካ የቀጠነች አለች፣ እንደ ሲጋራ ፓኮ ያለ አለ። አፉ ከአፏ ካልገጠመ ዋጋ የለውም። ከፍቼ ማየት አለብኝ።»

«ክፈታ!»

የመንግሥት ንብረት ግን ዝም ብሎ አይከፈትም። የንብረት ክፍሏ ወይዘሮ አማከለች መኖር አለባት፣ ሌላም ምስክር መኖር አለበት። ቀኑ ደግሞ የገበያ ቀን ሆነ። አማከለች ዘመዶቿ ከይፋግ በኩል ሩዝ ጭነው መጥተውላት ገበያ ወጥታለች። የቀሩትም እንዲሁ፤ በገበያ ቀን ቢሮ ውስጥ የሚገኝ ዝንብ ብቻ ነው። አማረ ላፕቶፗን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ ካቻቢቴውን በጎኗ አኑሮ፣ ሲጠብቅ አረፋፈደ። አቶ ተገኘ በበሩ ሲያልፉ አዩት።

«እስካሁን አልከፈትካትም?»

«ንብረት ክፍሏን እየጠበቅሁ ነው።»

«አንተ ደግሞ! ዕቃ ነው ወይስ ታቦት? ክፈተው እንጂ!» ብለው ሄዱ።

አማረ ከፈተ። አየ። ዲስኩ የሲጋራ ፓኮው ዓይነት ነው፤ የማስቲካዋ ዓይነት የምትገባበት አፍ ፈልጎ ፈልጎ አጣ፣ የለም። ውፍረቱን በማስመሪያ ለካ። አሮጌውን ዲስክ በመሐረቡ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው፤ ጫማ ሊገዛ እንደሚሄድ ሰው አሮጌውን ይዞ ለመሄድ። ይኸው ነው ያደረገው፣ ልጆቼ። ከዚህ ሌላ ነገር የለም።

በማግስቱ ሁለቱ ባሕር ዳር ወርደው አንድ የኮምፒዩተር ዕቃ መሸጫ ገቡ። ሻጩ አፈ ጮሌ ነው። ማስቲካ የምታክለዋን አውጥቶ መስታወቱ ላይ ጣል አደረጋት። «ይቺን ውሰዱ። ዘመኑ የሷ ነው።»

«ደግሞ ታምራለች» አለ የኔነህ፤ በጣቶቹ መካከል አንሥቶ ወደ ብርሃኑ አደረጋት። «ትንሽ ናት፣ ኪስ ትገባለች። አማረ፣ ይቺን እንግዛ በቃ፤ አዲስ ገዛችሁ ብለው ይወዱናል።»

«አይሆንም። የምትሰካበት አፍ የላትም።»

«ይኸን ያህል አዲስ ሆና?»

«አዲስነቷ ምን ያደርጋል? ቀዳዳው ከሌለ የት አስቀምጣታለሁ፣ ጭንቅላቴ ላይ?»

ሻጩ ሳቀ። አማረ መሐረቡን ፈትቶ አሮጌውን አወጣና ከፓኮው ዓይነት ጋር አፍ ላፍ አጋጠማቸው። ልክ ነው። አዲሱ ትንሽ ይሳሳል፤ ውስጥ ገብቶ እንዳይንቀጠቀጥ ዙሪያውን የሚያቅፍ የፕላስቲክ ክፈፍ አስጨመረበት። የቀረው የሚይዘው መጠን ነበር። አሮጌው አምስት መቶ ጊጋ ነው። ባለአምስት መቶው አዲስ ከተፈቀደላቸው በላይ ሆነ። አማረ ለየኔነህ አስረዳው። «ጎተራው ትልቅ ነው እንጂ እህሉ እኮ ከታች ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ተጠራቅሞ ሩቡን እንኳ አልሞላም። ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስቱ ተርፎ ይተርፈናል።»

«ገብቶኛል፣ ገብቶኛል። ይበቃል፣ ያዘው» አለ የኔነህ፤ ፈረመ። ዓሣ በልተው፣ ሐይቁን አይተው ተመለሱ።

ወረታ ሲደርሱ ወይዘሮ አማከለች ዕቃውን ተረከበች። አማከለች የገበሬ ልጅ ናት፤ ሩዝ በእፍኟ ዘግና ፍሬው የሞላ ይሁን ገለባ የበዛበት ሳታይ የምትነግራችሁ። አዲሱን በቀኝ፣ አሮጌውን በግራ አድርጋ እጇን ከፍ ዝቅ አደረገች።

«ምነው ይኼ ቀለለኝ?»

አማረ ሳቀ። ክፋት የለበትም ሳቁ። «እታለም፣ እሱ እኮ ውስጡ የሚዞር ብረት የለውም። ማቅለሉ ደግ ነው።»

አማከለች አልሳቀችም። የሳቀባትን ግን ያዘችበት።

ላፕቶፗ ዲስኩ ገባላት። አቶ ተገኘ ወንበር ስበው ሳይቀመጡ ተከፍታ ጠበቀቻቸው። ሰውየው ከደስታቸው ብዛት አማረን በሁለት እጃቸው ትከሻውን ይዘው ነቀነቁት። ዞን ላይ ሪፖርቱ እንደ ውኃ ፈሰሰ፤ የሚስቅ ጠፋ። አማረ በዚያ ሰሞን ለነፃነት ደውሎ «አይዞሽ፣ በዚህ ግምገማ ሳይሳካልኝ አይቀርም» አላት። «ለሔለን ንገሪያት፤ የስልኩ ሰውዬ ከስልኩ ሊወጣ ነው በያት።»

እንግዲህ ግምገማ የሚሉትን እናንተ አታውቁትም፤ ልጆች ናችሁ። ሠራተኛው ሁሉ አዳራሽ ይሰበሰባል። መጀመሪያ አንድ በአንድ እየተነሣ የራሱን ጥፋት ይናገራል፤ ግለ ሂስ ይባላል። ቀጥሎ ሌላው በሱ ላይ ሂሱን ያወርዳል። በመጨረሻ ኤ፣ ቢ፣ ሲ እየተባለ ይመደባል። «ጥፋት የለብኝም» ማለት አይቻልም። እንዲህ ያለ ሰው ትዕቢተኛ ተብሎ ይቀጠቀጣል። ስለዚህ ብልጡ ሰው አስቀድሞ አንዲት ትንሽ ጥፋት መርጦ ያዘጋጃል። አትጎዳም፣ አትበዛም፣ ደግሞም ውሸት አትመስልም። እሷን ወርውሮላቸው፣ እሷን ሲያኝኩ እሱ ያመልጣል።

አማረ የሚወረውረው አጣ። የግምገማው ቀን ምሳ ሲበሉ የኔነህን አማከረው።

«አረፍዳለሁ ልበል?»

«አንተ? ማን ያምንሃል! በር ከፋቹ አንተ ነህ።» የኔነህ እንጀራውን እየጠቀለለ አሰበ። «ያቺን በላት፤ ላፕቶፗን ብቻህን የከፈትካትን። ‹ንብረት ክፍልን ሳልጠራ ከፈትኩ፣ ለወደፊቱ አርማለሁ› በልና ተቀመጥ። በዚች ማን ይሞታል?»

የኔነህ ይህን ሲል ክፋት አስቦ ነው ወይስ ጓደኛውን ሊረዳ? እግዜር ይወቅ። እኔ እንጃ። ሰው ቢላ ሲያቀብል ሁልጊዜ ሊወጋ አስቦ አይደለም፤ ቢላው እጁ ላይ ሲመለስ ነው አንዳንዴ የሚያስበው።

አዳራሽ ገቡ። አቶ ተገኘ ከፊት። የኔነህ ቀድሞ ተነሣ፤ «እኔ ሻይ ቤት አበዛለሁ፣ ጨዋታም እወዳለሁ» አለ። ሰዉ ሳቀ፣ አለፈ። አማረ ተነሣ። የተመከረውን አለ፤ ቃል ሳይቀንስ። ሊቀመጥ ጎንበስ ሲል፣

«ቆይ እስቲ» አሉ አቶ ተገኘ። «ብቻህን ነው የከፈትካት?»

«አዎ።»

«ማንም በሌለበት?»

«የገበያ ቀን ነበር…»

አዳራሹ ጸጥ አለ። ልጆቼ፣ እንዲህ ያለ ጸጥታ ሲሆን ሰው ወንበሩን ማጥበቅ አለበት። ወይዘሮ አማከለች እጇን አወጣች።

«እኔ ያኔም ጠርጥሬያለሁ። ‹ቀለለኝ› ብዬዋለሁ፤ ሳቀብኝ። እስቲ ይምጣ፣ እናንተም ያዙት።»

አዲሱ ከላፕቶፗ ወጣ፣ አሮጌው ከዕቃ ቤት መጣ። ሁለቱ በአዳራሹ ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ይዞሩ ጀመር። አንዱ ይመዝናል፣ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። አንዱ እንደ እንቁላል ጆሮው ላይ አድርጎ ይንጣል። ሙክት ሊገዙ ላቱን እንደሚጨብጡ ሁሉ ጨበጡት፣ አገላበጡት።

«ይኼኛው ሰውነት አለው» አለች አማከለች። «ይኼ ግን ገለባ ነው። ክብደቱ የት ሄደ?»

ሾፌሩ አዛናው ከኋላ ተነሣ። አዛናው የመሥሪያ ቤቱ ተረበኛ ነው፤ እሱ ሲነሣ ሰው ከወዲሁ ፈገግ ይላል። «ላዩ ላይ የተጻፈውንም አንብቡት እንጂ! አሮጌው አምስት መቶ ይላል። አዲሱ ሁለት መቶ ምናምን። አምስት መቶ አውጥቶ ሁለት መቶ ከተተልን። ግማሹን የት ጣላት፣ ዓባይ ድልድይ ላይ?»

ሳቅ ሆነ።

«ታዲያ ፈጠነች እኮ» አለ አማረ። «ካጎደልሁባት እንዴት ትፈጥናለች?»

«ምነው፣ ጭነቱን የቀነሱለት አህያ አይሮጥም?»

አዳራሹ ፈረሰ። ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። አቶ ተገኘ ራሳቸው ከንፈራቸውን ነክሰው ነው የቻሉት። አማረ ሊያስረዳ ሞከረ፤ ስለሚዞረውና ስለማይዞረው፣ ስለ አፉ፣ ስለ ውፍረቱ፣ ማስቲካ የምታክለው ለምን እንደማትሆን። ቃል ባወጣ ቁጥር ይብስ ሌባ መሰለ። «በእንግሊዝኛ አታደናግረን!» አለው አንዱ። «ሌባ ሲያዝ ፈረንጅ ይሆናል» አለ ሌላው።

አማረ ወደ አቶ ተገኘ ዞረ። «እርስዎ ነዎት እኮ ‹ዕቃ ነው ወይስ ታቦት፣ ክፈተው› ያሉኝ።»

አቶ ተገኘ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «ክፈት ብያለሁ። ብቻህን ክፈት ብያለሁ?»

አላሉም። እውነት ነው፣ አላሉም።

አንድ ሰው ቀረ። አማረ ወደ የኔነህ አየ። «የኔነህ አብሮኝ ነበር። ከሱቁ እስከዚህ አብሮኝ ነበር። እሱ ይናገር።»

ሰዉ ሁሉ ወደ የኔነህ ዞረ። ልጁ ቀስ ብሎ ተነሣ። የእስክሪብቶውን ክዳን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ያን ጊዜ በልቡ ምን እንዳለፈ ማን ያውቃል። ምናልባት የደብረ ማርቆስ መንገድ አልፏል። ምናልባት «አብረህ ነበርክና አብረህ በልተሃል» ይሉኛል ብሎ ፈርቷል።

«ሱቅ አብረን ገብተናል» አለ። «ስለ ዕቃው ግን የሚያውቀው እሱ ነው። እሱ ‹ይኼ ነው› አለ፣ እኔ ፈረምሁ። እንዲያውም አዲሷን እንግዛ ብዬው ነበር፤ ትንሿን። እምቢ አለ። ለምን እምቢ እንዳለ… እሱ ይናገር።»

ተቀመጠ።

አያችሁ ልጆቼ፣ አንዲት ቃል አልዋሸም። አብረው ገብተዋል፣ ፈርሟል፣ አዲሷን ብሏል፣ አማረም እምቢ ብሏል። ከውሸት የከፋ እውነት አለ፤ ጎኑን ቆርጠው የሚሰጧችሁ። አማረም ተቀመጠ።

«ሲ» ተባለ። መስረቁ አልተረጋገጠም፤ ግን «በጥርጣሬ ይታያል» ተባለ፤ ጥርጣሬ ደግሞ መጨረሻ የለውም። ከዚያም ውሳኔ መጣ፤ አዲሱ በፖስታ ታሽጎ ዕቃ ቤት ይቀመጥ፣ አሮጌው በሠራተኛው ሁሉ ፊት ይመለስ። ማን ይመልሰው? ሌላ የሚያውቅ የለም።

አማረ ጠረጴዛው አጠገብ ቆመ። ካቻቢቴውን ያዘ። ሰዉ ከብቦ ቆሟል። አንዲቷን ብሎን ሲፈታ አዛናው «አንድ!» ይላል፣ ሁለተኛዋን ሲፈታ «ሁለት!»፤ ሌላውም አብሮ ይቆጥራል፤ እንዳይሰርቃት መሆኑ ነው። ላቡ ከአፍንጫው ጫፍ ዲስኩ ላይ ጠብ አለ። በእጅጌው ጠረገው። የጠረገው እንዳይበላሽባቸው ነው፤ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ለዕቃቸው ያስባል።

አሮጌው ገባ። አማከለች ላፕቶፗን በሁለት እጇ አንሥታ መዘነቻት። «እህ! አሁን ክብደቷ ተመለሰ።»

ተጨበጨበ። እውነቴን ነው፣ ተጨበጨበ። ላፕቶፗን አበሯት፤ ዲስኩ እንደ ልማዱ ግርርር አለ። ያቺም ክብ መዞር ጀመረች። «ድምጿ እንኳ ናፍቆኝ ነበር» አለ አንዱ። ሻይ ሊጠጡ ወጡ፤ እስክትከፈት።

የየኔነህ ዝውውር ብዙም ሳይቆይ ተፈቀደ።

ሊሄድ ዕቃውን በሚያስርበት ቀን አማረ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ያየዋል። ሁለቱ ከግምገማው ወዲህ ባንድ ክፍል ያድራሉ እንጂ ባንድ ድስት አልበሉም። የኔነህ ልብሱን እያጣጠፈ፣ እየፈታ፣ መልሶ እያጣጠፈ ቆየ። በመጨረሻ ከሻንጣው የራሱን ላፕቶፕ አወጣ።

«አማሬ።»

«አቤት።»

«ይቺም ቀርፋፋ ሆናለች። ማርቆስ የሚያውቅ ሰው አላገኝም። የትኛውን ልግዛላት? እንዳልሳሳት ብዬ ነው።»

አማረ አየው። ከዚያ እጁን ዘረጋ። ላፕቶፑን ተቀብሎ ገለበጠው፤ ካቻቢቴውን ከትራሱ ሥር አወጣና ከፈተው። ውስጡን አየ። የየኔነህ ላፕቶፕ የማስቲካ ዓይነቷን ትቀበላለች፤ አፉ አለ። ግን ይህችም ሁለት ዓይነት ናት፤ ቁመናዋ አንድ፣ ጥርሷ የተለያየ። አንደኛዋን ቢገዛ ትበራለች። ሌላኛዋን ቢገዛ ብሩን መንገድ ላይ እንደጣለ ነው፤ ሻጭ ደግሞ የተከፈተ ዕቃ አይመልስም። አንዲት ቃል ናት። «ያችኛዋን» ቢል ይበቃል። የኔነህ ያምነዋል፤ ሁልጊዜ ያምነው ነበር። ቃሏ እስከ ምላሱ ጫፍ መጣች። ጣፈጠችው።

ዋጣት።

«ጥርሷ ሁለት ቦታ የተከፈለውን ግዛ» አለ። «አንድ ቦታ ብቻ የተከፈለውን ቢሰጡህ እምቢ በል፤ አዲስ ነው ቢሉህም እምቢ በል። ርዝመቷ ከዚህ እስከዚህ ነው።» ከካርቶን ላይ ቁራጭ ቀዶ፣ ለክቶ ሰጠው። ብሎኖቹን አንድ በአንድ መለሰ። ላፕቶፑን ዘግቶ አቀበለው።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ወንድሜ» አለ የኔነህ። ዓይኑ ካርቶኑ ላይ ነው።

«ስትከፍተው ግን ምስክር ጥራ» አለው አማረ።

የኔነህ ሻንጣውን ፈለገ፤ ሻንጣው እጁ ላይ ነበር። ወጣ። በሩን እንኳ አልዘጋም፤ የመፈልፈያው አቧራ ተከትሎት ገባ።

አማረ ተነሥቶ በሩን ዘጋ። ፍራሹን አየው፤ የኔነህ አልወረሰበትም። ስልኩን አንሥቶ ለነፃነት ደወለላት። «አልተሳካም» ሳይላት ገባት። ከዚያ ስልኩን ለሔለን ሰጠቻት።

«የስልኩ ሰውዬ!» አለች ልጅቱ። «እማ ትወጣለህ ብላኝ ነበር እኮ። መቼ ነው የምትወጣው?»

አማረ ከግድግዳው ተደገፈ። ባንድ ጆሮው ሳቋን ይሰማል። በሌላኛው ጆሮው የባጃጅ ጡሩምባ ነው።

«ገና ነኝ፣ የኔ እናት» አላት። «እዚሁ ውስጥ ነኝ።»

ያ አዲሱ ዲስክ ከዚያ ዕቃ ቤት እንደታሸገ ቀረ። ማንም አልጠየቀውም። ላፕቶፗ በመጨረሻ ጭራሽ ዝም ስትል እንኳ ፖስታው አልተፈታም፤ መፍቻ ኮሚቴው ሳይሟላ ቀረ። አይጥ ጠርዙን በልታዋለች ይባላል።

በቃ፣ ይኸው ነው ልጆቼ። ተነሡ፣ ቤታችሁ ሂዱ፤ እናቶቻችሁ ይጠብቃሉ። ግን አንዲት ነገር ልለምናችሁ። ሰው ከብባችሁ ስትስቁ፣ ሳቁ ደስ ሲላችሁ፣ ያን ልጅ አስቡልኝ፤ በእጅጌው ላቡን ከዲስኩ ላይ ሲጠርግ። የሚስማማውን መርጦ ነበር የገዛው። ይቺን ብቻ አስታውሱለት፣ አደራ።